የዘርፈሽዋል ለቅሶ

ሮም ውስጥ ለዓመታት የጦረቻቸውን የሲኞራ አዳን ዓይን የከደነችው ዘርፈሽዋል ናት፣ በገዛ እጇ። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ፍራንቼስካ ከሚላኖ ደረሰችና ክንዷን ይዛ፣ እማማ ደክሟት ነበር፣ አሁን አርፋለች፣ በርቺ እያለች ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። ለቀባሪው አረዱት ይሉሃል ይኼ ነው። ዘርፈሽዋል ግን አልተቀየመችም። በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሮጊቷን እንደ ወጉ አልቅሳ መቅበር።

የገዛ እናቷን አልቀበረችም። እናቷ አዲስ አበባ ሲሞቱ ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ገና አልታደሰም ነበርና ከሮም መውጣት አልቻለችም። ያ እንባ እዚያው ደረቷ ውስጥ ቀረ።

ሲኞራ አዳን ለመጦር መጀመሪያ ስትቀጠር ራሳቸውን ችለው ይሄዱ ነበር። ቀስ በቀስ ክንዷን ተደገፉ፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ በመጨረሻ ወጣትነቷን በሙሉ። መልአክ ነበሩ ለማለት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ፣ የኔዋ እንደ ሌሎቹ አይደለችም፣ ንጹሕ ናት ይሉ ነበር፤ ማመስገናቸው ነው። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ዘርፈሽዋል አታጣውም፤ እሑድ እሑድ አብራቸው የምታስቀድሳቸው ሴቶች ናቸው። ቢሆንም አሮጊቷ ያለ እሷ አይበሉም፣ እሷም ብቻዋን መብላት ረስታ ነበር።

የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ደግሞ አለ። ውሻውን ይዞ የሕንፃው በር ላይ ባገኛት ቁጥር፣ ቁልፏን በእጇ እያየ፣ ማንን ፈልገሽ ነው ይላታል። ፈገግ እያለ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው። ሲኞራ አዳ ጋ ነኝ፣ እዚሁ ነው የምኖረው ትለዋለች። ውሻው እንኳ ለምዷት ጭራውን ይቆላል፤ ባለቤቱ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አልለመዳትም።

የቀብሩ ዕለት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ነጠላውን የዘቀዘቀ ሰው ምን እንደደረሰበት አገሯ ቢሆን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እዚህ ጥቁር የለበሰው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት ሳታስፈቅድ ጥለቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ የበዓል ልብሳችሁ ነው፣ እንዴት ያምራል አለቻት። ለቀስተኛው ተሰልፎ ፍራንቼስካን እየሳመ ሲያጽናና፣ አጠገቧ የቆመችውን ዘርፈሽዋልን እየዘለለ አለፈ። እግዜር ያጽናሽ የሚላት አንድ ሰው ጠፋ።

ሣጥኑ ሲነሳ አልቻለችም። "እናቴ" ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ፍራንቼስካ ደንግጣ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

"ዛሬ እንኳ ነጭ ባትለብሺ ምን ነበረበት? ድግስ እኮ አይደለም" አለቻት። "አሎራ፣ በቃ፣ አንቺ ወደ ቤት ሂጂና ለእንግዶቹ የሚቀመስ ነገር አዘጋጂ። መቃብሩ ጋ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚሄደው።"

ዘርፈሽዋል ልታስረዳት አፏን ከፈተች። ጣልያንኛዋ የመድኃኒት፣ የገበያና የቀጠሮ ነው፤ ሐዘኗን በዚያ ቋንቋ ለማንም ነግራ አታውቅም። አገር ቤት የተጣላ እንኳ ከለቅሶ አይመለስም። እሷ ግን ተመለሰች።

ትራሙ ሞልቶ ሰው ቆሟል፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ግን እስክትወርድ ባዶውን ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን ቦርሳዋን አስቀምጣበት በሆዷ ትስቅ ነበር።

በሩ ላይ ሰውዬው ውሻውን ይዞ ቆሟል። ነጠላዋን ከላይ እስከ ታች አየና ፈገግ አለ።

"ማንን ፈልገሽ ነው?"

አፏ እንደ ልማዱ ሲኞራ አዳ ሊል ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ የወጣው አማርኛ ነበር።

"ማንንም። ሞተውብኛል።"

ቁልፏን እንደጨበጠች በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ለሁለቱም እናቶቿ አለቀሰች። ውሻው መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። ሰውዬው ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን፣ ብሎ ውሻውን በገመዱ ጎተተና በሩን ከኋላው ዘግቶ ገባ።