ሳልፈራ የጻፍኩት

ጅቡቲ፣ ሀራሙስ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ ባሕር የሚታይበት ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያዬን ስማርት ስልክ እንደገዛሁ አማርኛ መጻፊያ አስጫንኩበትና በራሴ ስም ገጽ ከፈትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት አሠሪዬ ማዳም ጋደም ስትል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በረንዳውን ስወለውል በየቀኑ ባሕሩን አየዋለሁ። እግሬን የነከርኩበት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።» ሽርጤን እንዳሸረጥኩ የተነሳሁትን ፎቶም ለጠፍኩ።

የማላውቃቸው ሰዎች ተቀባበሉት። ቤይሩት የምትሠራ አንዲት ልጅ «ስለ እኔ ነው የጻፍሽው» አለችኝ። ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየም።

«ገረድ ደግሞ ደራሲ ሆነች!»

«መጀመሪያ ሀሌታውን ከሐመሩ ለዪ።»

«አገር አታሰድቢ። ዝም ብለሽ ዕቃሽን እጠቢ።»

መጻፌን አልተውኩም፤ ግን ገና አንድ ቃል ሳልጽፍ ስድቡ ይሰማኝ ጀመር። «ሳጥብ» የሚለውን «ስሠራ» አደረግኩት። «ማዳም»ን አጥፍቼ «አለቃዬ» አልኩ። ፎቶዬን ከገጼ ላይ አወረድኩ። ቆይቶ የምጽፈው ሁሉ የማንም ሊሆን የሚችል ነገር ሆነ። ራሴም ማንበብ አስጠላኝ።

በዕረፍት ቀኔ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ወደ ተከራየናት ክፍል እሄድ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ከድሬዳዋ አብረን የመጣን ጓደኛዬ ነበረች፤ እሷም ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ዓርብ አጠገቤ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር፣ ስሙን የደበቀ ሰው ገጼ ላይ የጻፈውን አነበብኩ፦ «ይቺ እኮ ሰባተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና አቋርጣ እያለቀሰች የወጣች ናት።»

ጅቡቲ ውስጥ ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት ስልኩን እያሳየኋት።

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። አልካደችም።

«ምን ላድርግ? እናቴን ቢሮ ነው የምንሠራው ብያታለሁ። አንቺ ግን ሽርጥሽን እንዳሸረጥሽ ፎቶ ለጥፈሽ ነበር። እኅቴ አይታው ደውላ ጠየቀችኝ። እንድትተዪው ነው የጻፍኩት።»

«ለምን ራስሽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር?»

«ያንቺን ስም አላነሳም፤ አንስቼም አላውቅም። የራሴን ሕይወት ግን አልደብቅም። ቢሮ የሚባል ነገር የለም። ሰው ቤት ነው የምንሠራው፣ ሠርተንም ነው የምንበላው።»

እሷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ እዚያው ፍራሹ ላይ መጻፍ ጀመርኩ፦ «አዎ፣ ሰባተኛ ክፍል ፈተና አቋርጬ ወጥቻለሁ። ዛሬ ማዳምን በፈረንሳይኛ፣ ዘበኛውን በሶማሊኛ፣ ባለሱቁን በአረብኛ አነጋግራለሁ። ስለ እኔ ማወቅ የምትፈልጉት ካለ እኔኑ ጠይቁኝ።» የሆሄ ስሕተት ይኑርበት አይኑርበት ሳላይ ለቀቅኩት። ቀጥዬ ያለዘብኳቸውን ጽሑፎች አንድ በአንድ ከፍቼ «ማዳም»ንም «ሳጥብ»ንም ወደ ቦታቸው መለስኩ።

ጓደኛዬ ወር ሳይሞላ ሌላ ክፍል ተከራይታ ወጣች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ በላይ አናወራም። እሷን በማጣቴ አዝኛለሁ፤ በጻፍኩት ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም። ተሳዳቢዎቹ አሁንም ይመጣሉ። አንዳንዱ ስድብ ቀኑን ሙሉ ያመኛል፤ እያመመኝም እጽፋለሁ።