ሁለተኛው ጥያቄ

ሙርያቲ እማማ ካርሲነምን አውቃቸዋለሁ ለማለት አትደፍርም። ሶሎ ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል፤ ሆኖም አሮጊቷ የሚወዱት ምግብ ምን እንደሆነ ብትጠየቅ መልስ የላትም። የቀረበላቸውን ሁሉ "ግሩም ነው" ይላሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጨርቅ ላይ በትኩስ ሰም አበባ ሲስሉ ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ "አስቸገርኳችሁ" ብለው አሠሪያቸውን ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ይህንንም ሙርያቲ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

ለጾም ፍቺ በዓል ብቸኛ ልጃቸው ዊዳርቲ ከባሏ ጋር ከሱራባያ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ሙርያቲ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛ ስትገባ፣ ዊዳርቲ የሚያፈሰውን ጣሪያ ቀና ብላ እያየች ነበር።

"እማዬ፣ ለምን መጥተው ከእኛ ጋር አይኖሩም? ክፍል አለን።"

"ኧረ እኔ ምን ልሠራላችሁ! አትቸገሩ፣ እዚሁ ይሻለኛል።"

ሙርያቲ በልቧ ፈገግ አለች። በዚያ ሰፈር በመጀመሪያ ግብዣ እሺ ማለት ነውር ነው። አሁን ልጅቷ ትደግማለች፣ እናትየው ትንሽ ይግደረደራሉ፣ ከዚያ ነገሩ ያልቃል።

ዊዳርቲ ግን "እሺ፣ እንደፈቀዱ" ብላ ወሬ ቀየረች። አሥራ አምስት ዓመት የኖረችበት ሱራባያ ሰው ያሰበውን ፊት ለፊት የሚናገርበት አገር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙርያቲ ወደ ሱራባያ የሚመለሱትን እንግዶች ልትሰናበት መጣች። ግድግዳው ላይ የአሮጊቷ ሟች ባል ፎቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። አልጋው ሥር በገመድ የታሰረ ጓዝ አለ፤ አዲስ ነጠላ ጫማ ከላዩ ተቀምጧል። እማማ ካርሲነም የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ሻይ ይቀዳሉ።

ሙርያቲ ዊዳርቲን ወደ ደጅ ወሰደቻት።

"ዝናቡ ሲመጣ ይህ ቤት እንዴት ይሆናል ብዬ ነው..."

"ጠየቅኋቸው እኮ፣ እትዬ ሙርያቲ! አልፈልግም አሉ። እናቴን አስሬ ልውሰዳቸው እንዴ?"

"አይ፣ እሳቸውማ ጥርሳቸውን ቢያማቸው እንኳ ሐኪሙን አላስቸግርም የሚሉ ሰው ናቸው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው!" ብላ ዊዳርቲ ሳቀች።

"ጓዛቸውን ቋጥረዋል" የሚለው ቃል ሙርያቲ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከተናገረችው፣ አሮጊቷ የገዛ ልጃቸውን በጎረቤት አስለመኑ ማለት ነው። ዋጠችው።

ባልየው የመኪናውን ጥሩንባ ነፋ።

"እንግዲህ እማዬ፣ ደህና ይሁኑ።"

"በሰላም ግቡ። ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ።"

እማማ ካርሲነም መኪናው እስኪታጠፍ እጃቸውን እንዳነሱ ቆሙ። ትንሽም ቆዩ፤ የተረሳ ነገር ኖሮ የምትመለስ እንደሆነ።

ከዚያ ሁለቱም ገብተው ተቀመጡ። ሻዩ ሙርያቲ ፊት ቀርቧል፤ "ጠጪ" እስክትባል ግን አትነካውም። ዓይኗ ከአልጋው ሥር ብቅ ካለው ጓዝ ላይ አልነቀል አላት።

"እማማ... እንደገና ብትጠይቅዎ ኖሮ ይሄዱ ነበር?"

አሮጊቷ ጓዙን በተረከዛቸው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።

"ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ፣ ልጄ፤ በሞቴ ጠጪ።"