የማዶው ሳል

ክረምት ገብቶ ቦሌ ላይ ጉም ሲተኛ፣ አውሮፕላኑ ሳይታይ ድምፁ ብቻ በሱቄ ጣሪያ ላይ ያልፋል። ያኔ ያ ኮረብታ ይመጣብኛል። እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የመኪና ጎማ እሸጣለሁ፤ ወሬ አልሸጥም። የሰፈሩ ልጆች ግን «ጦር ሜዳ እንዴት ነበር?» እያሉ ስላደከሙኝ፣ ይኸው።

ሌሊቱን ጋራ ላይ ከምሽግ ውስጥ አደርን። ማሳል ክልክል ነበር፤ የጨነቀው እጅጌውን ነክሷል። ንጋት ላይ ትእዛዝ መጣ፦ ፊት ለፊት ያለውን ኮረብታ ያዙ። ምንጩ ያለው እዚያ ነው፣ ኮዳችን ደግሞ ደርቋል። ጉሙ ከምሽጋችን አፍ ላይ ተገትሯል።

ሻምበላችን ማዶ ጠላት ይኑር አይኑር ሦስት ሰው ጠየቀ።

ቃኚያችን ቶሎሳ፣ አዲስ አበባ ሲኤምሲ ሰፈር ገና ቪላ ሳይሆን ጤፍ ሲበቅልበት ያደገው፣ «ማዶ ባዶ ነው። ያነደዱት እሳት አመዱም ቀዝቅዟል» አለ።

የሬዲዮ ሠራተኛው ደረጀ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያነሳ፣ «በመስመራችን አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ይጫናል፣ አይናገርም። ቅርብ ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይተነፍሳል፣ ሻምበል።»

ሦስተኛው ፍየል ጠፍታባቸው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«አባቴ፣ ሰው አይተዋል?»

«ማየትስ አላየሁ። ማዶ ግን ሲያስሉ አድረዋል። ብዙ ናቸው፣ ልጄ።»

ሦስት ደላላ ትንሽ የተለያየ ዋጋ ቢነግርህ መሃሉን ትይዛለህ። ሰማይና ምድር ሲሆንብህ ግን መሃል የለውም፤ የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ አይደለም። ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያን ጧት ሁላችንም የምናስበው ውሃ ነበር።

ሻምበሉ መሃሉን ያዘ። «ግማሻችን እንሂድ፣ ግማሹ ይቆይ።» ባዶ ከሆነ ግማሽ ይበዛል፤ ከሞላ ግማሽ ያንሳል። ራሱ ከፊት ሆነ።

ወጣን። ባዶ ነበር። ቶሎሳ «ምን አልኳችሁ?» ብሎ ኮዳውን ምንጩ ውስጥ ነከረ።

ያኔ ሳል ሰማን። ከኋላችን። ካደርንበት ጋራ፣ ከምሽጋችን ከፍ ብሎ።

የሽማግሌው ጎጆ ከምንጩ ሥር ነበር። ከደጃቸው ቆመው «ማዶ» የሚሉት እኛ ያደርንበትን ጋራ ነው። እኛ አላሳልንም። አናታችን ላይ ሌላ ጦር አድሯል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል።

ተኩስ ተከፈተ፤ በቀረው ግማሻችን ላይ። ሮጠን ተመለስን። ሻምበሉ ምሽጉ ሳይደርስ ወደቀ። እስከ እኩለ ቀን ተዋጋን። ጉሙ ሲገፈፍ ተኩሱ ቆመ። ደረጀ ሬዲዮውን እንዳቀፈ ሞቶ ነበር። ማዳመጫውን ወስጄ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ያ ሰው አሁንም ይተነፍሳል። ከጆሮዬ ሳላነሳው ተቋረጠ።

ሙታናችንን እኔ ከአንድ ጫፍ፣ ቶሎሳ ከሌላው ቆጠርን። የእኔ አሥራ አንድ፣ የእሱ አሥራ ሁለት።

«ነጋዴ፣ እዚህም ታጎድላለህ?» አለኝ፤ ከመዝመቴ በፊትም ነጋዴ ነበርኩ። አልሳቀም።

የተለያየነው በአንድ ሰው ነበር። በሁለቱ ወገን አስከሬን መካከል ተኝቷል። የደንብ ልብሱ የእኛም የእነሱም ያው ነው፣ ኪሱ ባዶ። በዋዜማው ምሽት አዲስ ጓዶች ተጨምረውልናል፤ ፊታቸውን እንኳ በወጉ አላየንም። የሚያውቁት ሁሉ አብረውት ወድቀዋል። ቶሎሳ «የእኛ ነው» አለ። እኔ «የእነሱ» አልኩ። ለብቻው፣ መሃል ላይ ቀበርነው።

ቶሎሳ ዛሬም ሱቄ ይመጣል፤ ሻይ እንጠጣለን፣ ቁጥራችን ግን አልገጠመም። ያ መሃል ላይ የቀበርነው ሰው ከተኛበት ሆኖ ቢያይ፣ ሁለታችንም ማዶ ነን።