ስምንት ሺህን የያዘው ማን ነው

ጓደኛዬ ስሎተርቫርት ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን ማረፊያ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ቅዳሴ የምትሰማው በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቢልመር ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያናችን በኢንተርኔት ነው። ሁለት እሑድ ግን ምንም አልመጣላትም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች እስከ ቀትር እንደምትጠብቅ ነርሷ ነገረችኝ።

በሦስተኛው እሑድ፣ ቅዳሴው ሳይጀመር፣ ድምፁ ወደሚሰራጭበት ክፍል ገባሁ። ኮሚቴው አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ከቦ ቆሟል። ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የተማረው መሐንዲስ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አበራት። የማሰራጫው ፕሮግራም የሚሠራው ስምንት ሺህ በሚባል ፖርት፣ ማለትም በኮምፒውተሯ የመገናኛ በር፣ ነው። ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ከያዘው አይነሳም።

«ተይዟል» አለ መሐንዲሱ፣ «ግን ያዢ የለውም።»

ይህን ለማለት ስንት ዓመት እንደተማረ አልጠየቅሁትም። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይህች ኮምፒውተር የምትሠራበትን ሊኑክስ የተማርኩት በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለጡረተኞች በሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ግን ደብተር ይዤ ነበር። ሌላ ሰው ያስነሳው ፕሮግራም ስሙ የሚታየው sudo በሚባለው የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲጠየቅ ብቻ ነው።

«በ sudo ጠይቀው» አልኩት።

«እማማ፣ አንቺ ቁጭ በይ።»

«እትዬ፣ እርስዎ አይድከሙ፣ ልጁ ይሥራ» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

አልተቀመጥኩም። የይለፍ ቃሉ ማንም እንዲያነበው ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል፤ ጥንቃቄያችን ይህን ያህል ነው። ፖርቱን ማን እንደያዘ የሚያሳየውን ትእዛዝ፣ sudo ss -ltnp ብዬ ጻፍኩ። የያዘው ፕሮግራም ከነመለያ ቁጥሩ ወጣ። በቁጥሩ ማን እንዳስነሳው ጠየቅሁ። የሰብሳቢው ስም መጣ።

«ለመለማመድ ብዬ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ አድርጌው ነበር።»

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ።

ጠርጥሮ ሁለት እሑድ ሙሉ ዝም አለ። ሰብሳቢ አይጠየቅማ። አክብሮት ይሉታል።

የሰብሳቢውን ፕሮግራም ዘጋሁት፤ ሁለተኛ በራሱ እንዳይነሳም አደረግሁ። የኛው ተነሳ። ቄሱ ሲጀምሩ የድምፁ መስመር ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

በቅዳሴው መጨረሻ ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ይዘው መሐንዲሱን በስሙ ጠርተው አመሰገኑት። አስጨበጨቡለትም።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ደወለች።

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ» አለች። «ያንን መሐንዲስ አመስግኚልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ምስጋናዋን እስካሁን አላደረስኩም።