ሪሃና የኪራዩን ቦት የተወችበት ዓመት

መርካቶ ዱባይ ተራ፣ ከአንዱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልጆች ጫማ በጅምላ የምትሸጠው ሪሃና ጠሀ ሥራ ላይ ሳለች ሰው ሲያናግራት ቀና የማለት ልማድ የላትም። ካርቶን እየከፈተች ትሰማለች፣ ቁጥር እየለየች ትመልሳለች። አሥረኛ ክፍል ሳለች አባቷ ታመው ሱቁን ከተረከበች ጀምሮ እንዲሁ ናት። ይኸው ሃያ አራት ዓመት ሆናት። አባቷ አልፈዋል፤ ያኔ በእግሯ ሥር ይድህ የነበረው ወንድሟ ፉርቃን ዛሬ ሸሪኳ ነው።

የክፍለ ሀገር ደንበኞቿ ድሮ በአካል እየመጡ ይገዙ ነበር። ቴሌግራም ከተለመደ ወዲህ ግን ፎቶ አይተው፣ ቁጥሩንና ስንት ደርዘን እንደሚፈልጉ ጽፈው ያዛሉ፤ እሷ አሽጋ በጭነት መኪና ትልካለች። አንድ ሰሞን በቀን ሁለት መቶ መልእክት በአውራ ጣቷ ስትመልስ የእጇ አንጓ አብጦ ማንኪያ መያዝ አቃታት። ዱባይ የሚኖረው የአጎቷ ልጅ ሰዓድ ያን ጊዜ መላ አመጣላት። በየወሩ የሚከፈለው አንድ የውጭ ድርጅት ነበር፤ ደንበኛ ሲጽፍ ቦት የሚባለው ፕሮግራሙ ራሱ ይመልሳል፣ የትኛው ቁጥር እንዳለ ይናገራል፣ ትእዛዙን መዝግቦ ዕቃ ለሚያሽጉት ያስተላልፋል። የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ ሰዓድ በራሱ ካርድ ከፈለ፣ በራሱ ኢሜይል አስመዘገባት። የሪሃና እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አረፈ። ያንን አገልግሎት ዛሬም አታማውም።

ነገሩ የተበላሸው በነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው። አንድ ማክሰኞ ትእዛዝ ቀረ። ክረምቱ ገበያውን ያዘው ብላ ዝም አለች። ረቡዕም አልመጣም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋሼ ገብረ ማርያም ጃንጥላቸውን እያራገፉ ደረጃውን ወጥተው በሯ ላይ ቆሙ። ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ደንበኛ የሆኑ የሆሳዕና ነጋዴ ናቸው። ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋትና እፎይ ብለው ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

«ሁለት ቀን ጻፍኩልሽ። ስልክ ቁጥርሽ ከድሮው ስልኬ ጋር ጠፍቶብኛል» አሉ። «አንቺ ዝም የምትይ ሰው አይደለሽም። አንድ ነገር ብትሆን ነው ብዬ በማለዳው መኪና መጣሁ።»

ሪሃና የያዘችውን ጫማ አስቀመጠች። ስልኩን ስትፈትሽ መቶ ሠላሳ ምናምን ሰው ጽፎ መልስ አላገኘም። ለሰዓድ ደወለች። ነገሩ ቀላል ነበር፤ በገበያው ግፊት፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚታሰበው የወሩ የመልእክት ልክ ሳምንት ሳይሞላው ስላለቀ ድርጅቱ ሥራውን አቁሟል። ማስጠንቀቂያም ልኳል፤ ለሰዓድ ኢሜይል። ሰዓድ ደግሞ ለዑምራ መካ ሄዶ ስለነበር አላየውም።

ፉርቃን ትልቁን ጥቅል እንክፈልና ይለቅ አለ፤ በዚያው ቀን ተከፍሎ ሥራው ቀጠለ። ማታ እራት ላይ ሪሃና የራሳችን ቢኖረንስ ብትለውም ያንኑ ደገመ። የራሳችንን ማሽን እናቁም ብንል ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፣ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፤ ለሚከፈለው ግን ሌላ ሰው ይጨነቅልሻል አላት። ልክ ነበር፤ እሷም ልክ ነህ አለችው።

«ዋጋው አይደለም የከነከነኝ» አለችው ቀጥላ። «ሱቄ ሁለት ቀን ተዘግቶ ወሬውን የነገሩኝ ከሆሳዕና ተነሥተው የመጡ ሽማግሌ ናቸው።»

የመስከረሙ ገበያ ሲበርድ አብነት ሰፈር ወደሚገኘው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ወደ ሙናዊር ሄደች። ሙናዊር ነገሩን ሲሰማ አልተገረመም። ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ማንም አውርዶ በገዛ ማሽኑ ላይ የሚጭነው ነጻ ፕሮግራም እንዳለ ነገራት። ከመደርደሪያው ሥር ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ጎትቶ አወጣና ለዚህ ሥራ ይህ ይበቃል፣ ባትሪም ስላለው መብራት ሲጠፋ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል አላት። ከዚያ ግን ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ፕሮግራሙ በነጻ ነው፤ ጥበቃው በነጻ አይደለም። ሲበላሽ የሚጠራ ድርጅት የለም። ባለቤቱ አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ ባለቤትነቱን አስተምረኛ» አለችው።

የሚጭንላትን ብቻ ከፍላ መሄድ ትችል ነበር፤ ሙናዊርም የጠበቀው ይህንኑ ነው። እሷ ግን አርባ ቀን ሙሉ፣ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አብነት እየሄደች ከጎኑ ተቀመጠች። እንግሊዝኛዋ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን የኮምፒውተር ትእዛዝ በደብተር እየገለበጠች ከጎኑ በራሷ አማርኛ ትርጉም ትጽፍበታለች፦ «ሲታነቅ ይህን»፣ «ማን ቦታ እንደያዘ ለማየት ይህን»፣ «ይህን ሳታስቢ እንዳትነኪ»። ሙናዊር ደብተሩን ባየ ቁጥር ይስቅ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ለሌላ ደንበኛ ሊሰጠው ፎቶ አነሣው።

ላፕቶፑ መሳለሚያ ካለው ቤቷ ገብቶ ከፍሪጅ ላይ ተቀመጠ። የቤቱ ኢንተርኔት ቢቆረጥ እንዲተካ ሲም ካርድ የገባበት ትንሽ ራውተር ከጎኑ ሆነ። ኅዳር ላይ ሙከራ ጀመረች፤ ከሚከፈለው ጋር ጎን ለጎን፣ በአሥር ደንበኞች ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት ጅማ ለምትኖረው ለካሚላ «ትእዛዝዎ ደርሶናል» የሚለውን መልእክት ቦቱ ስልሳ አንድ ጊዜ ላከባት። ካሚላ ደወለች።

«ሪሃና፣ አምኜሻለሁ፤ ደርሶሻል» አለቻት።

ሪሃና እያፈረች ሳቀች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያ ከደብተሯ ጋር ተቀምጣ መልስ መላኩን ከማረጋገጡ በፊት ደግሞ እንዲልክ ያደረገችበትን ቦታ አገኘች። ስህተቱ የራሷ ነበር። ስታርመው ግን የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ይህ ነገር እንግዳ የሆነ ደስታ ሰጣት። ጥር ላይ ሁሉም ደንበኞቿ ወደ ፍሪጁ ማሽን ዞሩ። ሰዓድ የሚከፈለውን እንዲያቋርጥ ነገረችው።

ትልቁ ፈተና የመጣው ለዐረፋ ነው። ዐረፋ ሲቃረብ ልጆች አዲስ ጫማ ይገዛላቸዋል፤ መርካቶም ያለ ዕረፍት ይሠራና ድንገት ባዶ ይሆናል፣ ነጋዴው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይወጣልና። በዓሉ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦቱ ዝም አለ። ሪሃና ለሙናዊር ደወለች። ሙናዊር ከሁለት ቀን በፊት ስልጤ፣ ቤተሰቡ ጋ ገብቷል፤ ስልኩ አይሠራም። ፉርቃን ለሰዓድ ልደውልና የሚከፈለውን ያስከፍተው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሪሃና ደብተሯን አነሣች።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ። ካልሆነልኝ ትደውላለህ» አለችው።

በሞተር ወደ መሳለሚያ ሄደች። መብራት አለ፣ ኢንተርኔቱም አለ፣ ማሽኑም በርቷል። ደብተሩን ገልጣ ከላይ ወደ ታች መሞከር ጀመረች። በራሷ እጅ ከጻፈችው፣ «ማን ቦታ እንደያዘ ለማየት» ከሚለው ጋ ስትደርስ ነገሩ ተገለጠላት፤ ዲስኩ እስከ አፉ ሞልቷል። ደንበኞች የፈለጉትን ለማሳየት ከአምስት ወር ጀምሮ መልሰው የላኩት የጫማ ፎቶ ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ እዚያ ተከምሯል። ማንም አላጠፋውም፤ እንዲያጠፋ የታዘዘ አልነበረማ። ወዲያው ለመሰረዝ እጇ ተነሣ፤ ግን አቆመችው። መጀመሪያ የትእዛዞቹ መዝገብ በማሽኑ ሁለተኛ ዲስክ ላይ መቀመጡን አየች፣ ከፍታ አንድ ሁለቱን አነበበች፣ ከዚያ ነው የድሮዎቹን ፎቶዎች የሰረዘችው። ቦቱን እንደገና አስነሣችው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቴሌግራም ይዞ ያቆየው ሁሉ ተከታትሎ ገባ፤ ቡታጅራ፣ ወልቂጤ፣ ደሴ፣ ጅማ። አንድም ትእዛዝ አልጠፋም። ሰዓቷን አየች፤ ከሱቅ ከወጣች ሃምሳ ደቂቃ ሆኗል። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣች፣ አልሀምዱሊላህ አለች፣ ተነሥታም ከሠላሳ ቀን ያለፈ ፎቶ ራሱ እንዲጠፋ የሚያደርግ አዲስ መስመር ጻፈች። ስትመለስ ፉርቃን ካርቶን እያሸገ ነበር፤ የሆነውን ነገረችው። ከሰዓት በኋላ ለጎረቤት ነጋዴ ሲያወራ ሰማችው። የማሽኑን ብልሽት ከነምክንያቱ፣ ራሱ ያገኘው ይመስል ያስረዳል።

ወሬው ሕንፃውን አዳረሰ። ከበዓሉ በኋላ ታች ፎቅ የሴቶች ቀሚስ የሚሸጡት እትዬ አበራሽ መጥተው ለእኔም እንደዚያ ያለ አቁሚልኝ አሏት። ሪሃና በቀን ስንት ሰው እንደሚጽፍላቸው ጠየቀች። ቢበዛ ሠላሳ ነው። ማሽኑን ማን እንደሚያየው ጠየቀች። እትዬ አበራሽ ወዲያ ወዲህ አዩና ማንም አሉ።

«እንግዲያው ለእርስዎ የሚከፈለው ይሻላል» አለቻቸው። «ብቻ ምዝገባው በራስዎ ስልክና በራስዎ ኢሜይል ይሁን። እሱን አብረን እናደርገዋለን።»

እትዬ አበራሽ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ሪሃና የነፈገቻቸው መሰላቸው። እሷ ግን አልነፈገችም። አንድ ሰዓት ተቀምጣ ምዝገባውን ጨረሰችላቸው፣ የወሩ ልክ ሊያልቅ ሲል በምን እንደሚያውቁ አሳየቻቸው፣ መልሳም አስደገመቻቸው።

አሁን በያዝነው ክረምት ሪሃና ሌላ ነገር ጀምራለች። ከገጠር ከሚያዙት ብዙዎቹ መጻፍ አይወዱም፤ በድምፅ ነው የሚልኩት፣ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በስልጥኛ፣ አንዳንዱ ሁለቱን ቀላቅሎ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ነጻ ፕሮግራም አግኝታ ጫነች። የመጀመሪያው ሙከራ ከወራቤ የመጣ የአንድ ደቂቃ መልእክት ነበር፤ ሰውየው ሦስት ደርዘን ባለ ሠላሳ ቁጥር ሲያዝ ማሽኑ የጻፈው ስለ ሠላሳ ፍየል ነው። ሪሃና አንብባው ፉርቃንን ጠራችው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ መነጽሯን አጠለቀች፣ ድምፁን መልሳ ከፈተችው፣ ማሽኑ እንዲማርበት ሰውየው ያለውን ቃል በቃል በእጇ እየጻፈች ማረም ጀመረች።