የገዥው፣ የአዛዡና የወይዘሮ ሸዋረጋ ጉዳይ
ሩቲ ከሳንሆዜ ወደ ኦክላንድ በሚሄደው ባቡር ላይ ገና ከመቀመጧ፣ አጠገቧ ያሉት ሴትዮ መስኮቱን እያዩ በእንግሊዝኛ ሲያጉተመትሙ ሰማች። «ዘ ገቨርነር... ዘ ሚሊተሪ ኮማንደር...» አሉና ቆም ብለው፣ «ኤዲያ፣ ጠፋብኝ» አሉ።

«ምን ጠፋብዎት እትዬ?»

ሴትዮዋ ዞር ብለው አይተዋት ሳቁ። «ያገሬ ልጅ ነሽ ለካ። አበደች ብለሽ ነበር አይደል?»

«ትንሽ ጠርጥሬ ነበር።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ይባላሉ። ከሆስፒታል ወጥ ቤት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ኮሌጅ ገብተዋል። ዛሬ ክላሱ ፊት ቆመው የታሪክ ፕረዘንቴሽን ያቀርባሉ። ባለፈው ተርም ይኸው ቀን ሲደርስ ፈርተው ቀሩና ትምህርቱን ድሮፕ አደረጉት።

«ዛሬም ከቀረሁ አልመለስም» አሉ፤ «እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

«እስቲ መጀመሪያ ለእኔ በአማርኛ ይንገሩኝ።»

በአማርኛማ ማን ሊያቆማቸው። ነገሩ ስፔን ይህን ባቡሩ የሚያልፍበትን አገር በያዘበት ዘመን ነው። ገዥውም የጦር አዛዡም የአንድ ንጉሥ ሹሞች ናቸው። ገዥው፣ ወታደሮቹ አዲሱን መንደር ይጠብቁ ይላል፤ አዛዡ፣ ከምሽጌ አንድ ሰው አይወጣም ይላል። ማን ነው የበላይ? ፍርድ ለመጠየቅ ደብዳቤ ይጻፋል፤ መልሱ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ እንደተናከሱ ነው።

«መሬቱ ደግሞ የሁለቱም አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ፤ «ከእነሱ በፊት የኖሩበትን ባለቤቶቹን የጠየቀ የለም።»

«ወታደሮቹስ? የማንን ትእዛዝ ሰሙ?»

«የታሪክ መጽሐፋችን እሱን በደንብ አይናገርም።» ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። «እኔ ግን ሳላውቅ አልቀርም። ወጥ ቤት ሁለት ሱፐርቫይዘር ነበሩን። አንዷ የበሽተኛውን ምግብ ትሪ ቶሎ ላኪ ትላለች፤ ሌላዋ እኔ ሳላየው እንዳትልኪ። ምን የማደርግ ይመስልሻል? ጭቅጭቃቸውን እስኪጨርሱ የታጠበውን ድስት እንደገና አጥባለሁ።»

ሩቲ ከት ብላ ሳቀች። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸው።

«በቃ፣ ከዚህ ይጀምሩ።»

«ይስቁብኛል እኮ።»

«ይሳቁ። ሲስቁ ይሰማሉ።»

በእንግሊዝኛ ሞከሩት። ወጥ ቤቱን ሳይደናቀፉ ተወጡት። ገዥው ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ግን መስኮቱን ማየት ትተው የሩቲን ፊት እያዩ ቀጠሉ።

ባቡሩ ኮሌጃቸው አጠገብ ያለው ሌክ ሜሪት ጣቢያ ሲቆም ቦርሳቸውን አንግተው ተነሱ።

«እንግሊዝኛው አያስጨንቅዎት እትዬ» አለች ሩቲ።

ወይዘሮ ሸዋረጋ በሩ ላይ ሆነው ዘወር አሉ። «ገዥውም አዛዡም ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ ይችሉ የነበረ አይመስለኝም፤ እነሱ ሲፎክሩ በኖሩበት አገር እኔ አንዲት ሰዓት መናገር ልፈራ ነው?»