ሃርላን ያመጣው ማገዶ

ሃርላን ቴስኪ ድንኳን ከመትከሉ በፊት የሚወድቅ ቅርንጫፍ እንዳለ ወደ ላይ ያያል። «ደረቅ ቅርንጫፍ ቀጠሮ አያከብርም» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት በወረቀት ፋብሪካ የሠራ፣ ረጅም፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። እኔ ማርሊስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ሰው ለእረፍት ድንኳን በሚተክልበት በሄሮን ሐይቅ ካምፕ የእሱ ቦታ አሥራ አንድ ቁጥር፣ የእኔ አሥራ ሁለት ሆኖ ሃያ ሁለት በጋ ተጎራብተናል።

እንደ እሱ የሚዘጋጅ ሰው አላየሁም። የሚመጣውን በጋ፣ የሐምሌን ቦታ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ይይዛል። መጋቢት ላይ፣ በረዶው ገና ከደጅ ሳይነሳ፣ ድንኳኑን ጋራዡ ውስጥ ዘርግቶ ስፌቱን ሰም ይቀባል። በጋራዡ በር ጀርባ ዝርዝር ለጥፏል፤ በግራ ዕቃው፣ በቀኝ ለየዓመቱ አንድ ትንሽ ሳጥን። መዶሻ፣ ካስማ፣ ገመድ፣ መጥበሻ፣ ክብሪት። ፒክአፑ ላይ የተጫነው ሁሉ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክት የሌለው ሳጥን ካለ ሞተር አይነሳም። ካምፕ ሲደርስ ደግሞ ከጀሪካን ውሃ መሬት ላይ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ ያያል። እንቀልድበታለን። ዝናብ መጥቶ እኛ ፍራሻችንን ስንጨምቅ እሱ ቋሊማ ይጠብሳል።

ከሁሉ የሚኮራው በእሳቱ ነበር። በአንድ ክብሪት ያነዳል፤ ሁለተኛ የጫረበትን ቀን አላስታውስም። በዚያ እሳት ዙሪያ የማይጠፋው የካምፑ ጠባቂ ኖርብ ነበር። ኖርብ በወጣትነቱ የካምፑ ዛፎች በበሽታ ሲያልቁበት አሽ የሚባል ዛፍ አርባ ችግኝ በእጁ ተክሎ፣ ከሐይቁ በባልዲ ውሃ እየቀዳ ያሳደገ ሰው ነው። ልጅ አልነበረውም። የእኛ ጥላ የእነዚያ ዛፎች ጥላ ነበር።

አንድ ዓመት የሃርላን ግቢ ውስጥ ያለ አሽ ከአናቱ ጀምሮ ደረቀ። ቆረጠው፣ ፈለጠው፣ ፒክአፑ ላይ ጭኖ በሸራ ሸፈነው። ካምፑ በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ፦ ማገዶ ከሌላ ቦታ አታምጡ፤ ዛፍ የሚገድል ጢንዚዛ በቅርፊቱ ሥር ተደብቆ ይመጣል። ሁላችንም አንብበነዋል። ዕቃ ሲያወርዱ ሚስቱ አርዲስ ሸራውን ገልጣ አየችው።

«ሰሌዳውን አንብበሃል አይደል? መልሰው።»

«በሩ ላይ የሚሸጠው ማገዶ እርጥብ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ልታበይኝ ነው?» አላት ሃርላን። «ደግሞ የኔን ዛፍ ድርቅ ነው የገደለው፤ ጢንዚዛ አይደለም።»

«ተይው እባክሽ፤ ጢንዚዛው ቦታ አልያዘም፣ አያስገቡትም!» ብዬ ሳቅሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሳስበው አፌን በቆረጠው እላለሁ።

ያን ምሽት ኖርብ እጁን እሳቱ ላይ ዘርግቶ «ይሄ ነው እሳት ማለት!» አለ። ማገዶው ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም። ሳምንቱ ሲያልቅ ሃርላን የተረፈውን እንደ ደንባችን ለሚቀጥለው ሰው ብሎ ከዛፉ ሥር ደርድሮት ሄደ። ደግ ሥራ መስሎት ነው።

ከዚያ ወዲህ በአራተኛው በጋ የዛፎቹ አናት ተመለጠ። ግንደ ቆርቁር ወፍ ቅርፊቱን እየላጠ የዛፎቹን ሥር በስብርባሪው አለበሰው። ኖርብ በቢላ አንድ ግንድ ፈልቅቆ አሳየን፤ ውስጡ በጢንዚዛው ትል መንገድ ተዥጎርጉሯል።

«ሰው ነው ያመጣው» አለ። «ያንን ሰው ባገኘው...»

አልጨረሰውም። ሃርላን ቋሊማውን ማገላበጥ ቀጠለ፤ ከሰል እስኪሆን አገላበጠው። አርዲስ አየችው፤ እኔም አየሁት። ሦስታችንም ሆድ ይፍጀው አልን።

በዚያው ዓመት፣ በበረዶው ወራት፣ አርዲስ በካንሰር ሞተች። ብርቱካናማ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው አርባውንም ዛፍ ምልክት አደረጉበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በመጋዝ ጨረሷቸው። ሃርላን ግን መምጣቱን አልተወም፤ ብቻውን ይተክላል፣ ብቻውን ይነቅላል። ማታ ማታ ኖርብ ይመጣል፤ ስለ ዓሣና ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። ስለ ዛፍ አንድም ቃል የለም። በቅርብ ተቀምጬ ስሰማቸው ያመኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ኖርብ ወደ እኔ ቦታ መጣ። ትንፋሹ አጥሮ ነበር፤ ወንበሩን ይዞ ቆይቶ ነው የተቀመጠው።

«ማርሊስ፣ ሃርላን የሚነግረኝ መቼ ነው?»

የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። «ታውቃለህ እንዴ?»

«መጀመሪያ የሞቱት የአሥራ አንድ ቁጥር ዛፎች ናቸው። ዕውር መሰልኩሽ?»

«ታዲያ ለምን አትጠይቀውም?»

«ጠይቄ ባገኘው ምን ይረባኛል? ራሱ ይምጣ። አንቺም ብትሆኚ ማወቄን እንዳትነግሪው፤ ቃልሽን ስጪኝ።»

«ቢመጣስ ይቅር ትለዋለህ?»

«እስቲ መጀመሪያ ይምጣ» አለ።

ቃሌን ሰጠሁት፤ እኔ ጅሏ ጠበቅሁትም። የካቲት ላይ ኖርብ ሞተ። ሃርላን ከቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሬሳው ሲወጣ ጫማውን ያይ ነበር።

መጋቢት ላይ ወገቡን ስላመመው ድንኳኑን ልዘረጋለት ሄድኩ። ካስማ ልቆጥር ወደ ዝርዝሩ ዞርኩ። በዕቃው ሁሉ ፊት ምልክቱ ተደርድሯል። ከታች ግን፣ ከክብሪት ቀጥሎ፣ የሃርላን ያልሆነ ጽሕፈት አለ፤ የአርዲስ ክብ ክብ ፊደል ነው።

«ለኖርብ መንገር።»

ፊት ለፊቱ አምስት ዓመት፣ አምስት ባዶ ሳጥን።

«ከሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የመጣች ጊዜ ነው የጻፈችው» አለ ከኋላዬ። «በየዓመቱ ዘንድሮ እላለሁ። ካምፑ እስክደርስ አፌ ላይ ነው። ከዚያ ኖርብ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ ይስቃል... በቃ፣ አልችልም። አሁን ምን አደርጋለሁ? እሱ ሳያውቅ ሄደ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል፤ እኔ አይቼዋለሁ። ልዋሸውም ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም።

«ያውቅ ነበር፣ ሃርላን።»

«ምን?»

«ገና ከመጀመሪያው። እንድትነግረው ይጠብቅ ነበር። እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነው።»

ድንኳኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሰም የቀባው ስፌት ላይ። ሃያ ሁለት ዓመት ስናውቀው ጫማ አድርጎ ያን ድንኳን ረግጦ አያውቅም።

«በየማታው እየመጣ?»

«በየማታው።»

«እኔ ስለ ዓሣ ሳወራው?»

ካስማዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ሃርላን ተነስቶ እርሳሱን ከምስማሩ ላይ አወረደ። የዘንድሮው፣ ስድስተኛው ሳጥን ጋ አስጠጋው። ምልክት አላደረገም። እርሳሱን መልሶ ሰቀለውና «ካስማው ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ሃያ አራት።»

«ሙሉ ነው» አለ።

ሐምሌ ላይ አብረን ሄድን። ሳጥን ባዶ ትቶ ሞተር ያስነሳው እነዚያን አምስት ዓመታት ብቻ ነው፤ ዘንድሮም እንደዚያው አስነሳ። አሥራ አንድ ቁጥር ላይ የቀረው የጉቶ ክብ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃውን ከጀሪካን አፈሰሰ፣ የሚሄድበትን አየ፣ ካስማውን አነሳ። ከዚያ ከልምዱ ወደ ላይ አንጋጠጠ። አንገቱን ሳይመልስ ብዙ ቆየ፤ እንባው ወደ ጆሮው ሲወርድ ሳየው ወደ መኪናው ዞርኩ።

«ምን ታያለህ? ትከለው እንጂ» አልኩት ከዚያው ሆኜ።

«የሚወድቅ ነገር የለም» አለ።